የቆመ ሰዓት ሁሉ የተሰበረ አይደለም፦ በቤት ውስጥ የእጅ ሰዓት ስለ መጠገን

የምኖረው ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ሲሆን፣ ከሥራ መልስና በእረፍት ቀኖቼ የእጅ ሰዓት እጠግናለሁ፣ አልፎ አልፎም እገጣጥማለሁ። መተዳደሪያዬ ስላልሆነ ገንዘብ አልቀበልበትም፤ ይሁንና የዘመድና የጎረቤት ሰዓት በእጄ ሲያልፍ ስለቆየ፣ ይህን ሥራ በቤታቸው ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ለመጻፍ ወሰንኩ። ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ሞቷል» ተብለው በየመሳቢያው ተጥለው ወደ እኔ ከመጡት የሚሞሉና አውቶማቲክ (በክንድ እንቅስቃሴ ራሳቸውን የሚሞሉ) ሰዓቶች አብዛኞቹ የቆሸሹ እንጂ የተሰበሩ አልነበሩም። ስለዚህ በቤቱ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ መማር ያለበት መለዋወጫ መቀየርን ሳይሆን ሳይሰብሩ ፈትቶ ማጠብን ነው።

ሰዓት በቆሻሻ የሚቆምበት ምክንያት ከአሠራሩ ይመጣል። የሚሞላ ሰዓት ኃይሉን የሚያገኘው በክብ ቤት ውስጥ ከተጠቀለለ ዋና ሞላ ነው። ይህ ኃይል በተከታታይ ጥርሳም ጎማዎች እየተላለፈ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ጉልበቱ ግን እየቀነሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ሹካ የምትመስል ትንሽ ክፍል እየቆነጠረች ለባላንስ ታቀብለዋለች። ባላንስ የሚባለው ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው ጎማ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ጥቅልል ሞላ ሁልጊዜ ወደ መሐል ይመልሰዋል። የቆዩ ሰዓቶች ባላንስ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ 18,000 ምት ይመታል፤ ይህ በሰከንድ 5፣ በቀን 432,000 ምት ማለት ነው። ብዙዎቹ ሲኮ 5 የሚባሉት የጃፓን ሰዓቶች 21,600፣ በርካታ ዘመናዊ የስዊስ ማሽኖች (በቀፎው ውስጥ ያለው የሚሠራው ክፍል ማሽን ይባላል) ደግሞ 28,800 ይመታሉ። የእነዚህ ጎማዎች የዘንግ ጫፎች የሚሽከረከሩት በሰው ሠራሽ ሩቢ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው፤ በሰዓቱ ገጽ ላይ «17 ጁዌልስ» ተብሎ የሚጻፈውም የእነዚህ ድንጋዮች ቁጥር እንጂ የጌጥ ብዛት አይደለም። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ በዓይን በጭንቅ የምትታይ የዘይት ጠብታ አለች። ዓመታት ሲያልፉ ይህ ዘይት ይደርቃል፣ ከብናኝ ጋር ይለወሳል፣ ሙጫ ይሆናል። ዋናው ሞላ ቅርቡ ያሉትን ጎማዎች ለመግፋት ባያንስም ባላንሱ ጋ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ያልቃል፤ ሰዓቱም ይቆማል።

ሰዓት ከመክፈት በፊት ጥቂት ነገሮችን ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል። የባትሪ ሰዓት ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። የሰከንድ ጠቋሚው በየሰከንዱ መንቀሳቀሱን ትቶ ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ፣ በብዙ ሰዓቶች ላይ ባትሪው ሊያልቅ መቃረቡን ማስታወቂያ ነው። ባትሪው ላይ የሚጻፈው ቁጥር መጠኑን ይናገራል፤ 626 ማለት ስፋቱ 6 ሚሊሜትር ከምናምን፣ ውፍረቱ 2.6 ሚሊሜትር ማለት ነው። በፊቱ «ኤስ አር» የሚል ካለ የብር ኦክሳይድ ሲሆን 1.55 ቮልቱን እስኪያልቅ ድረስ ሳያወርድ ይዞ ይቆያል፤ «ኤል አር» ወይም «ኤ ጂ» የሚለው አልካላይን ርካሽ ቢሆንም ቮልቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ከቆየም ይፈሳል። ለሰዓት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ባትሪ ሲቀየር ሊጠበቅ የሚገባው አደጋ የካቻቪቴው ጫፍ አዳልጦ ጎን ላይ የተጠመጠመውን የመዳብ ሽቦ መበጠሱ ነው፤ ያ ሽቦ ከተበጠሰ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይቀላል። አዲስ ባትሪ ገብቶለትም የማይነሳ ከሆነ በቴስተር የሽቦውን ኦም መለካት ነው፤ ጭራሽ ካላነበበ ተበጥሷል፣ ካነበበ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በጎማዎቹ መካከል የገባ ቆሻሻ ነው።

የሚሞላውን ሰዓት ደግሞ አስቀድሜ በእጄ ይዤ ክብ አዙሬ አወዛውዘዋለሁ። ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ መልሶ የሚቆም ከሆነ ባላንሱ ደኅና ነው፣ ችግሩ ኃይል አለመድረሱ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ መልካም ዜና ነው። መሙያው ሲዞር ምንም ተቃውሞ ሳይኖረው ያለማቋረጥ የሚዞር ከሆነ ዋናው ሞላ ተበጥሶ ወይም ከመንጠቆው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ በብዙ ሲኮ 5 ሰዓቶች ውስጥ ያለውና በ1996 የወጣው 7ኤስ26 የሚባለው ማሽን ከነጭራሹ በእጅ አይሞላም፤ መሙያው ሰዓትና ቀን ለማስተካከል ብቻ ነው። «መሙያው ላላ፣ አልሞላ አለ» ተብሎ የሚመጣልኝ ሲኮ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይነካ ጥቂት ተወዝውዞ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ነው።

አሁን ወደ ልምምድ ልምጣ። በእኔ እምነት ጀማሪ መፍታት ያለበት የቆመ ሰዓት ሳይሆን በደንብ የሚሠራ ሰዓት ነው። ምክንያቱም የቆመን ሰዓት ፈትቶ ገጥሞ መልሶ ቢቆም፣ የቆመው በቀድሞ ችግሩ ይሁን በጀማሪው እጅ ማወቅ አይቻልም፤ የሚሠራውን ፈትቶ ሲገጥም ግን መልሱ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው መስፈርት መጠን ነው። የሴት ሰዓት ትናንሽ ማሽኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጽሞ አይመከሩም። ለዚህ ዓላማ እጅግ የተመሰገነው የስዊሱ ኤታ 6497 እና እርሱን ተከትሎ በቻይና የሚሠራው ኤስ ቲ 36 ነው፤ ሁለቱም መነሻቸው የኪስ ሰዓት በመሆኑ 36.6 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው፣ ክፍሎቻቸው ትልልቅ ናቸው፣ ቀንና የራስ መሙያ ስለሌላቸውም የሚያደናግር ነገር አይበዛባቸውም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው የቻይናውን ማስመጣት ይችላል። ሌላው ደግሞ መርካቶ ምን አለሽ ተራና በየመንገዱ ዳር የመስታወት ሣጥን ይዘው ከሚቀመጡት ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ አሮጌ የሚሞሉ ሰዓቶችን፣ በተለይም በደርግ ዘመን ወደ አገር የገቡትን የሶቪየት ኅብረት ሰዓቶች መፈለግ ይችላል። ራኬታና ቮስቶክ ጠንካሮች ናቸው፤ ቢበላሹም አያስቆጩም፣ ከሁለት ሰዓት አንድ ደኅና ሰዓት ማውጣትም ይቻላል። የአባትን ወይም የአያትን ማስታወሻ የመጀመሪያ መለማመጃ ማድረግን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

የቤቱ ሁኔታ ከመሣሪያው ይልቅ ያስቸግራል። ከከተማው ወጣ ብለን ለምንኖር ሰዎች ዋናው ጠላት አቧራ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ ሲያባራ፣ ካልተነጠፈው መንገድ የጭነት መኪና የሚያስነሳው ደቃቅ አፈር በተዘጋ መስኮትም ቢሆን ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል። በዚህ የተነሳ ሙሉ በሙሉ መፈታት ያለበትን ሰዓት ለክረምት አቆየዋለሁ፤ በበጋ ግን ባትሪ ከመቀየርና መስታወት ከማጥራት ያለፈ ሥራ አልወድም። በበጋ የግድ ከሆነ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጌ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ብናኙ እስኪረጋ ጥቂት ቆይቼ እጀምራለሁ። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍልም አይሠራም።

ልብስም ነገር አለው። ማታ ማታ ብርዱን ለመከላከል ጋቢ መደረብ በእኛ ሰፈር የተለመደ ነው፤ ጋቢና ነጠላ ግን ለሰዓት ፀር ናቸው። አንድ ጊዜ ዘመዴ የሆነ ሰው ከሌላ ቦታ ታድሶ በወሩ የቆመበትን ሰዓት አመጣልኝና ከፍቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ የሰከንድ ጠቋሚው በሚሰካበት ጎማ ዘንግ ላይ አንዲት ነጭ የጥጥ ክር ሦስት አራት ዙር ተጠምጥማ፣ ጫፏ ወደ ሩቢው ቀዳዳ ገብታ ዘይቱን እንደ ኩራዝ ክር መጥጣው አገኘኋት። ክሯን በወረንጦ ይዤ ሳወጣት ጎማው በራሱ ግማሽ ዙር ሄደ። ከዚያ ሌላ ምንም ብልሽት አልነበረበትም፤ ሆኖም ዘይቱ ስለተመጠጠ ታጥቦ እንደገና መቀባት ነበረበት። ስለዚህ የሚሠራ ሰው እጅጌው አጭር የሆነ፣ ክር የማይተው ልብስ ይልበስ። ጠረጴዛውም ላይ ጨርቅ ሳይሆን ነጭ ወረቀት ይነጠፍ።

የአቀማመጥ ነገር እንደ ቀላል ይታያል፣ ነገር ግን አንገትና ጀርባ የሚያሰናብተው እርሱ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ጠረጴዛቸው ደረታቸው ድረስ የሚደርሰው ክንዳቸውን አሳርፈው ሳያጎነብሱ እንዲሠሩ ነው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ማሠራት አያስፈልግም፤ ተራው የምግብ ጠረጴዛ ፊት በበርጩማ መቀመጥ ያንኑ ይሰጣል። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጉልበት ድረስ አንሶላ ቢወጠር አምልጦ የሚወድቀውን ብሎን ይይዘዋል። ወለል ላይ የወደቀውን ለመፈለግ ደግሞ መብራት አጥፍቶ የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድሞ ማብራት ነው፤ ትንሿ ብሎን ረጅም ጥላ ስለምትጥል ትታያለች። በማግኔት መፈለግ ግን አይገባም፤ ብረቱ ማግኔት ይይዛል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ሰፈር ቻርጅ የሚደረግ ነጭ መብራት ከጎን ማኖር ተገቢ ነው፤ ባላንሱን በወረንጦ አንጠልጥሎ ሳለ መብራት የጠፋበት ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ሥራ ሲቋረጥ የተከፈተውን ማሽን የሚሸፍን ደወል መሰል ክዳን ይሸጣል፤ እኔ ግን የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ እተወዋለሁ፣ ውስጡም ስለሚታይ ይሻላል።

መሣሪያን በሚመለከት፣ በመጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጫፋቸው የሚሳል ትናንሽ ካቻቪቴዎች፣ ማግኔት የማይዝ ጥሩ ወረንጦ፣ እና ዓይን ላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር። ካቻቪቴው ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በስፋትም በውፍረትም ካልገጠመ የብሎኑን ራስ ይፍቃል፤ ስለዚህ ርካሹን ገዝቶ በመሳያ ድንጋይ እያስተካከሉ መጠቀም ሳይስሉ በውዱ ከመሥራት ይበልጣል። ሌላው ከቤትና ከፋርማሲ ይገኛል። አቧራ የሚነፋው የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎሚኒ ነው፤ በአፍ መንፋት ምራቅ ስለሚረጭ ብረቱን ያዝጋል። የሩቢ ቀዳዳ የሚጠረገው ጫፉ በምላጭ በተቀረጸ ስቴኪኒ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው ከጓንት የተቆረጠ ጫፍ ነው። ዘይት መቀቢያም ቀጭን የስፌት መርፌ ጫፉን በእሳት አቅልቶ፣ ቀጥቅጦ እንደ ጥቃቅን አካፋ ጠፍጣፋ በማድረግ ይሠራል።

የሰዓቱ የኋላ ክዳን ሁለት ዓይነት ነው። ተጭኖ የሚገባው ዙሪያው ላይ ትንሽ ከንፈር ስላለው ቢላ መሰል መክፈቻ ያስፈልገዋል፤ የሚጠመዘዘውን ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ የጎማ ኳስ በኃይል ተጭኖ በማዞር ብቻ መክፈት ይቻላል፣ ክዳኑንም አይጭርም።

ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ሕግ የዋናውን ሞላ ኃይል መልቀቅ ነው። መሙያውን በጣት ይዞ፣ ትልቁን ጥርሳም ጎማ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚያግደውን ትንሽ መያዣ በስቴኪኒ ገፋ በማድረግ፣ መሙያው በጣት መካከል ቀስ እያለ ወደ ኋላ እንዲዞር መተው ነው። ሞላው እንደተሞላ ሹካዋ ከተነሳች ጎማዎቹ በአንድ ጊዜ ተፈትለው የዘንግ ጫፍ ሊሰብሩ ይችላሉ። ቀጥሎ ባላንሱ፣ ከዚያ ሹካዋ፣ ከዚያ ድልድይ የሚባለው፣ ጎማዎቹን ከላይ የያዘው ጠፍጣፋ ብረት ይነሳል። ባላንሱ ሲነሳ ከነድልድዩ ስለሚወጣና በቀጭኑ ሞላ ስለሚንጠለጠል፣ ቶሎ ገልብጦ በድልድዩ ጀርባ ማስተኛት ያስፈልጋል። በብዙ ሰዓቶች ላይ ከመሙያው ጋር የሚያያዘው ጎማ ብሎን በተቃራኒው የሚፈታ ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ለማሳወቅ በብሎኑ ራስ ላይ ሦስት መስመር ያደርጋሉ። እንቢ ያለን ብሎን ከማስገደድ በፊት በሌላኛው አቅጣጫ መሞከር ይገባል። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሥቼ፣ ብሎኖቹን ከየድልድያቸው ጋር በክፍልፋይ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ርዝመታቸው የሚለያይ ብሎኖች ከተቀያየሩ አንዱ ረዝሞ ከሥሩ ያለውን ጎማ ያግዳል።

ማጠቢያን በተመለከተ ምክሬ ጥብቅ ነው። የመኪና ቤንዚን ተጨማሪ ኬሚካሎች ስላሉበት ቅሪት ይተዋል፤ ነጭ ጋዝ የቅባት ንጣፍ ይተዋል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ደግሞ የቀረው ውኃ ስለሆነ ያዝጋል። የሚሻለው ለሲጋራ መለኮሻ የሚሸጠው የተጣራ ፈሳሽ ነው። ንጹሕ አልኮል፣ ማለትም 99 በመቶው፣ ለጎማዎችና ለድልድዮች ይሆናል፤ ነገር ግን ሹካዋንና ባላንሱን በአልኮል መንከር ክልክል ነው፣ ምክንያቱም በላያቸው ያሉት ትናንሽ ሩቢዎች የተጣበቁት በአልኮል በሚሟሟ ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው። ይህ ሁሉ ፈሳሽ በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ከሰል፣ ሻማ ወይም የጋዝ ምድጃ ባለበት ክፍል መሠራት የለበትም፤ በረንዳ ላይ ማጠብና ክዳን ባለው ብልቃጥ ማስቀመጥ ይመረጣል። በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ታሽቶ፣ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ በስቴኪኒ ይጠረጋሉ። ስቴኪኒው ጠቁሮ ሲወጣ ጫፉን ቀርጾ እንደገና ማስገባት፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መቀጠል ነው። አሰልቺው ሥራ ይህ ነው፤ ሰዓቱን የሚያስነሳውም ይኸው ነው።

ዘይት ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይስታል፤ በዓይነቱና በመጠኑ። የስፌት መኪና ዘይት መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን ፈጥኖ ስለሚያስነሳ ብዙ ሰው ያደንቀዋል፤ ነገር ግን ቦታው ላይ አይቆይም፣ ይሰራጫል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከወራት በኋላም ሰዓቱ ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ይቆማል። ለሰዓት የተሠራ ዘይት የግድ ነው። ፈጥነው ለሚዞሩት ቀጫጭን ዘንጎች እንደ ሞቢየስ 9010 ያለ ቀጭን ዘይት፣ በዝግታ ለሚዞሩትና ጫና ለሚበዛባቸው ወፈር ያለ ዘይት፣ ለመሙያው ክፍል ደግሞ ግሪስ ያስፈልጋል። ዋጋው ከበድ ይላል፤ ሆኖም አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ለዓመታት ስለምትበቃ ሁለት ሦስት ሆኖ መግዛት ይቻላል። መጠኑን በተመለከተ፣ በሩቢው ዙሪያ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ከግማሹ ጥቂት አልፎ ቢሞላ በቂ ነው፤ አፉ ድረስ ከሞላ ዘይቱ ፈስሶ ያልቃል። የሹካዋ ዘንግና የባላንሱ ቀጭን ሞላ ምንም ዘይት አይነካቸውም። የሞላው ጥቅልሎች በዘይት እርስ በርሳቸው ከተጣበቁ ሞላው ያጠረ ያህል ስለሚሆን ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ ይፈጥናል።

መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። የጎማዎቹ ድልድይ ሲገጠም ሁሉም ዘንጎች በየቀዳዳቸው መግባታቸው ሳይረጋገጥ ብሎን መጥበቅ የለበትም። ድልድዩን በስቴኪኒ በስሱ ተጭኖ፣ ዋናውን ጎማ በትንሹ ነካ ሲያደርጉት ሰንሰለቱ በሙሉ እስከ መጨረሻው በነፃነት ከዞረ ብቻ ይጠበቃል።

ጠቋሚዎችን መትከል ላይ የእኛ አገር አቆጣጠር የራሱን ጣጣ ያመጣል። ቀን ባለው ሰዓት ላይ ቀኑ እስኪዘል ድረስ መሙያውን ማዞርና በዘለለበት ቅጽበት ሁለቱንም ጠቋሚዎች 12 ላይ መትከል ደንብ ነው። ታዲያ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ሲኳቸውን ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ይቺ ሰዓት ቀኑን ገና ሳይመሽ ትለውጣለች፤ ታማለች መሰለኝ» አሉኝ። ሰዓታቸው የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነበር። ፋብሪካው ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲቀየር ሲሠራው እኩለ ሌሊት ማለት ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፤ በእኛ ግን ጠቋሚዎቹ 12 ላይ የሚገጥሙት ንጋትና ምሽት ላይ ስለሆነ፣ ቀኑ የሚቀየረው ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ሰዓት ነው። «አባባ፣ ሰዓቷስ ደኅና ናት» ብዬ የሰዓት ጠቋሚዋን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት አዞርኩላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቀኗ ጠዋት ጠዋት ይቀየራል። (ዕለት ከዋዜማው ምሽት ይጀምራል ለሚል የቤተ ክርስቲያን ሰው የቀድሞውም ስሕተት አልነበረም።)

የበለጠ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን በኢትዮጵያ ቀን ለሚጠቀም ሰው ነው። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ስለሚቆጥር የእኛ ወር በ30 ሲያልቅ በየወሩ አንድ ቀን ወደ ፊት መግፋት ይገባል፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ላይ ሲያልቅ ደግሞ መስከረም 1 ለማድረስ 26 ወይም 25 ቀን መግፋት ያስፈልጋል። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ የሚነካውን ክፍል እኛ 13 ጊዜ እንነካዋለን ማለት ነው። ይህን ሲያደርጉ ጠቋሚዎቹ በ9 እና በ4 መካከል በላይኛው በኩል ካሉ፣ የቀን መቀየሪያው ጥርስ ተያይዞ ስለሚሆን በግድ ሲገፋ ሊሰበር ይችላል። በማንኛውም አቆጣጠር ቢሞላ የሚሠራው ዘዴ ጠቋሚዎቹን አስቀድሞ ወደ 6 አካባቢ አውርዶ፣ ቀኑን አስተካክሎ፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ሰዓት መመለስ ነው። ቀን የተሰበረባቸው ሲኮዎች በብዛት የሚመጡት ከአዲስ ዓመት ማግስት መሆኑ አያስገርመኝም።

ፍጥነትን ለማስተካከል የሰዓቱን ምት በማይክሮፎን ሰምተው በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፤ ጸጥ ባለ ሌሊት ለጀማሪ ይበቃሉ። የሚጠበቀውን ማወቅም ይገባል። የስዊሱ ኮስክ የተባለው ተቋም ለሚመሰክርላቸው ሰዓቶች የሚፈቅደው በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መፍጠን ነው፤ ለአሮጌ ሲኮ ወይም ራኬታ በቀን ግማሽ ደቂቃ ውስጥ መግባት በእኔ ግምት በቂ ነው። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መፍጠን የጀመረ ሰዓት ግን ባላንሱ ጋ ባለችው የፍጥነት ማስተካከያ አይነካም፤ መጀመሪያ ማግኔት መያዙ ይጣራል። ኮምፓስ ሲጠጋው መርፌው ከተወዛወዘ ይዟል ማለት ነው። የስልክ መሸፈኛ መዝጊያ፣ ስፒከርና የቦርሳ ቁልፍ ዋነኞቹ ምንጮች ናቸው፤ በርካሽ የሚገዛ ማግኔት ማጥፊያም ወዲያው ያድነዋል።

መስታወትና ውኃን ባጭሩ ልናገር። የቆዩ ሰዓቶች መስታወት ፕላስቲክ ስለሆነ ጭረቱ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይጠፋል፤ እውነተኛ መስታወት ላይ ግን አይሠራም። ክዳኑ ሥር ያለው ጎሚኒ የደረቀ ከሆነ መቀየር፣ ደኅና ከሆነ ሲሊኮን ግሪስ ማስነካት ነው። ክዳኑ ላይ «30 ሜትር» መባሉ ለእጅ መታጠብ ጠብታ እንጂ ለዋና አይደለም፤ በክረምት ከውስጥ ላብ የያዘን ሰዓት ዕለቱኑ ከፍቶ ማድረቅ ይገባል፣ ካደረ ይዝጋል።

ከመጠገን አልፎ መገጣጠም የሚፈልግ ሰው ኤን ኤች 35 በሚባለው የሲኮ ቡድን ማሽን ቢጀምር ይቀለዋል። 24 ጁዌል አለው፣ በእጅም ይሞላል፣ ቀፎውና ገጹ፣ ጠቋሚዎቹም በየዓይነቱ ይገኙለታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ከመጠገን ይልቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ ክፍል በገጹና በመስታወቱ መካከል ብናኝ ሳያስቀሩ መዝጋት ብቻ ነው።

በቤቴ የማልነካቸው ሥራዎችም አሉ። የባላንሱ ዘንግ የተሰበረ፣ ቀጭኑ ሞላ የተጣመመ ወይም ማሽኑ በዝገት የተያያዘ ሰዓት ቶርኖና የረጅም ዘመን እጅ ስለሚፈልግ፣ መርካቶ ወዳሉት አንጋፋ ሰዓት ሠሪዎች እወስደዋለሁ። ያን ጊዜ የተፈታውን እንደነገሩ ገጥሞ መውሰድ አይበጅም። ክፍሎቹን በሙሉ ክዳን ባለው ሣጥን ይዞ፣ ምን እንደተፈታና ምን ዘይት እንደተቀባ አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ጠጋኙ መለዋወጫ መፈለግ ይኖርበት እንደሆነና የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው።